አባቴ «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳይኮሎጂስት ጋ አልሄድም አለ፣ ቀጠሮው ነገ ነው!

የደምበጫዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባዬ ስኳር አለበት። ኢንሱሊን አልወጋም ብሎ አስቸግሮናል። ዶክተሩ «ሳይኮሎጂስት ታነጋግረው» ብሎ ወረቀት ጻፈልን፣ ነገ 3 ሰዓት ማርቆስ መድረስ አለብን። ወረቀቱን ያነበበለት የአክስቴ ልጅ «የአእምሮ ሐኪም ጋ ነው የላኩህ» አለው። በቃ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። «ልጆቼ አማኑኤል ሊያስገቡኝ ነው» ይላል። ለመሆኑ ሳይኮሎጂስት ለስኳር ምን ያደርጋል? ምን ብዬ ልውሰደው?

ጮቄ፦ የዓይን ሐኪም ናት በይውና ውሰጂው። ከገባ በኋላ ምን ያመጣል?

የብቸና ልጅ፦ ሲወጣ ዱላውን ያመጣል ሃሃሃ

መምህሩ፦ በቅድሚያ መስኩን እንረዳ። በ1977 (በፈረንጅ ነው) ጆርጅ ኤንግል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ በሽታ የሥጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሰውየው ሐሳብና ኑሮም አብሮ መታየት አለበት ብሎ ጻፈ። በዓመቱ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የጤና ሳይኮሎጂን ራሱን የቻለ ክፍል አደረገው። ስለዚህ የጤና ሳይኮሎጂስት ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር ወይም የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰው ከሕመሙ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያግዝ ባለሙያ ነው። ሳይካትሪስት ሌላ ነው። እሱ የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግርና በልምምድ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ነጥብ...

ጮቄ፦ መምህር፣ ልጅቷ ነገ 3 ሰዓት ነው ያለችው፣ ሁለተኛው ሴሚስተር አይደርስም።

ፋርማሲ ሞጣ፦ ኢንሱሊኑ የት ነው የሚቀመጠው? ፍሪጅ ከሌላችሁ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋችሁ እዚያ አኑሩት። ሙቀት ያበላሸዋል።

የዳሞት ልጅ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የኛ አገር ሰው መቼ ነው መርፌ የጠላው? ለጉንፋን እንኳ «መርፌ ካልወጋችሁኝ» ብሎ ከጤና ጣቢያ ጋ የሚጣላ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ አልወጋም ካለ ምክንያት አለው። ጠይቃችሁታል ወይስ እየተፈራረቃችሁ መቆጣት ብቻ ነው? ችግሩ የጭንቅላት ነው ያለው ማነው?

የደምበጫዋ፦ ጠይቀነዋል፣ «ይበቃኛል» ነው መልሱ። ጎረቤታችን ኢንሱሊን በጀመረ በዓመቱ እግሩ ተቆርጧል፣ እሱን ይጠቅሳል። ደግሞ አባዬ ራሱ በፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ወድቆ ነበር። ጠዋት ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቆመ፣ ላብ አሰመጠው፣ አፉ ተሳሰረ። ሰው ደግሞ «ጠጥቶ ነው የመጣው» አለ። እሱ ጠላ ከተወ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ወዲህ ነው አሻፈረኝ ያለው።

ፋርማሲ ሞጣ፦ ያልኩት እኮ ነው፣ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ማሰሮና እርጥብ አሸዋ።

እናት ዓለም፦ ጠበል አስጠምቁት እህቴ። መርፌውንም አይተው፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ሲስተር አይደለሁም፦ እታለም፣ ከፍልሰታ ወዲህ ጭራሽ አልተወጋም ማለት ነው? ይህን መጀመሪያ ነበር መናገር። አሁኑኑ ስኳሩን ለኩት። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ በጥልቀት መተንፈስ ወይም መፍዘዝ ካለው የነገውን ቀጠሮ እርሱት፣ በዚህ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ከሌለውም መርፌውን በምን መጠን እንደሚቀጥል ዛሬውኑ ለዶክተሩ ደውላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሥራዬ ይኸው ነው። ታካሚዎቼ ሁሉ «ሲስተር» ስለሚሉኝ ነው ስሙን እንዲህ ያደረግሁት። ሥራ የጀመርኩት አእምሮ ሕክምና ክፍል ነበር፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርሴን ጨርሼ ወደ ስኳርና ደም ግፊት ክትትል ስዛወር ጓደኞቼ «ምን ልትሠሪ?» ብለው ስቀውብኛል። እዚያ የማየው ግን መድኃኒት ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግትር አለመሆኑን ነው። ወይ ፈርቷል፣ ወይ አፍሯል፣ ወይ ታክቶታል። አባትሽ ሲወድቅ ስኳሩ ወርዶበት ይመስለኛል፤ መርፌው ሥራውን ሠራ፣ ምግቡ ግን አልመጣም። ከዚያ በሰው ፊት ሰካራም ተባለ። እኔ ብሆንስ እወጋለሁ? የዳሞት ልጅ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን ሳይኮሎጂስት ጋ የሚኬደው ጭንቅላት ሲታመም ብቻ አይደለም።

የጎረቤታችሁም ነገር፣ ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው ዘግይቶ፣ ስኳሩ ነርቭና ደም ሥሩን ከጎዳው በኋላ ነው። እግር ሲቆረጥ ታዲያ መርፌው ይከሰሳል። እኔ ብሆን ግን ይህን ለአባባ በመጀመሪያው ቀን አልሰብክም። ስብከት ቤት ጠግበዋል። «ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ምን ሆኑ?» ብዬ ዝም እላለሁ። ሲጨርሱ «ከ0 እስከ 10 ቢሆን፣ መርፌውን መመለስ ምን ያህል ይታይዎታል?» እላለሁ። 3 ካሉኝ «ለምን 2 አላሉም?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ለምን 10 አላሉም» ካልኩ የሚከራከሩኝን ይደረድራሉ፣ «ለምን 2 አላሉም» ካልኩ ግን መወጋት ያለባቸውን ምክንያት ራሳቸው ይነግሩኛል። ከራሳቸው አፍ የወጣ ነገር ከኔ ምክር ይበልጣል። ከዚያ ትንንሽ ነገር እንስማማለን። ኪስ ውስጥ ስኳር መያዝ፣ ላብ ላብ ሲላቸው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር። የመርፌውን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክለው ዶክተሩ ነው፣ እኔ አላዝም።

የዓይን ሐኪም ናት ብለሽ አትዋሺው፣ ከገባ በኋላ ማንንም አያምንም። «አባዬ፣ መርፌው ከጾሙና ከአረሙ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የምታነጋግርህ ባለሙያ ናት» በይው። እውነት ነው። አማኑኤልም የለም፣ ኪኒንም የለም፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። የአክስትሽን ልጅ ግን ቤት አስቀሪው።

የደምበጫዋ፦ ጎረቤት ያለች ነርስ ለካችው፣ 340 ነው። አያስመልሰውም። ለዶክተሩ እየደወልኩ ነው፣ እመለሳለሁ።

ሲስተር አይደለሁም፦ ጎበዝ። ውሃ ይጠጣ። ሌሊት ማስመለስ ከጀመረው እስኪነጋ አትጠብቁ።

መምህሩ፦ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ባለሙያ ስትመርጡ ዲግሪውን ጠይቁ። አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ሳይኮሎጂስት አይደለም።

የብቸና ልጅ፦ ይህቺስ ጥሩ ነጥብ ናት።

ጮቄ፦ ሲስተር (ይቅርታ)፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰውስ በእናንተ በኩል ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ጣራ ሳይ ነው የማድረው።

ሲስተር አይደለሁም፦ በኛ በኩል ነው፣ በደንብ እንሠራበታለን። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አትገላበጥ፣ ተነሥተህ ሌላ ቦታ ተቀመጥ፣ ሲመጣ ተመለስ። ምንም ሰዓት ብትተኛ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሣ። የቀን እንቅልፍ ተው፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ተው።

ጮቄ፦ ቡናውን? ጎጃሜ ሆነሽ ነው?