ለፓይ ያቀለጥሁት ቸኮሌት ጓጎለብኝ፤ ምን ላድርግ?

የከዚራዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የቸኮሌትና የለውዝ ፓይ እየሠራሁ ነው። የሚፈላ ውሃ ባለበት ድስት ላይ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ የማቀልጠው ቸኮሌት፣ አብረቅርቆ ከቀለጠ በኋላ በድንገት ጓጉሎ እርጥብ አሸዋ መሰለ። ሊጡ ተጋግሮ እየጠበቀኝ ነው፤ እንግዶቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ልጣለው ወይስ ይድናል?

ጀጎል በር፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለውዝ በዐረብኛ የሌላ ፍሬ ስም ነው፤ ከባቢሌ የሚመጣልን ኦቾሎኒ ነው። እሱንም ቆልተሽ፣ ትኩስ ሳለ በጨርቅ አሽተሽ ገለፈቱን ካላበጠርሽለት ፓዩ ይመራል።

የከዚራዋ፦ ተቆልቶ ተበጥሯል፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ቸኮሌቱ ነው።

ሳቢያን፦ አቦ፣ በድሬ ሙቀት ቸኮሌት ለማቅለጥ እሳት ማንደድ ምን አመጣው? በረንዳ ላይ ብታስቀምጪው ይበቃ ነበር! የቸኮሌት ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ውሃው መፍላት አያስፈልገውም፤ የፈላው እንፋሎት ወደ ሳህኑ ጠብ ሲል ስኳሩና የካካዎው ዱቄት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጥቂት ውሃ ያጓጎለውን በዛ ያለ ፈሳሽ ይፈታዋል። ከእሳት አውርደሽ ትኩስ ወተት በሾርባ ማንኪያ እየጨመርሽ አማስዪው፤ ለ200 ግራም ቸኮሌት አራት ማንኪያ ያህል ይበቃል።

ባለ መጥበሻ፦ እኔም ትኩስ ወተት ጨምሪበት እላለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦ የጓጎለ ሁሉ በውሃ የጓጎለ አይደለም። እስቲ አሽትቺው፤ የተቃጠለ ሽታ ካለው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አያድነውምና ሌላ ቸኮሌት ግዢ።

የከዚራዋ፦ የተቃጠለ አይሸትም። ነገር ግን የነበረኝን ወተት በሙሉ ከእንቁላሉ ጋር መትቼዋለሁ፤ ውሃ ይሆናል?

ባለ መጥበሻ፦ ወተት ይሻላል።

ሳቢያን፦ የለኝም እያለችሽ ነው እኮ። ውሃም ይሆናል፤ ትኩስ ይሁን እንጂ። ቸኮሌቱ ተፈትቶ ሲለሰልስ፣ እንቁላሉን ከመጨመርሽ በፊት ለብ እስኪል ጠብቂ፤ አለዚያ ፓይ መሆኑ ቀርቶ የእንቁላል ፍርፍር ታቀርቢላቸዋለሽ። ዳር ዳሩ ረግቶ መሐሉ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ከኦቨኑ አውጪው፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይረጋል።

ጀጎል በር፦ ሁለት ሰዓት ሆነ እኮ። ፓዩ ምን ሆነ? ኦቾሎኒውስ አልመረረም?