ነጻ ምርመራ ስናዘጋጅ የሚመጣው የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ምን ይሻላል?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሠፈራችን ባሉ ግንባታዎች ለሚሠሩና በቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ቤተሰቦች የጤና እገዛ የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለማቋቋም የእድራችን አባላት ተስማምተናል። ለሙከራ ያህል አንድ ማክሰኞ ነጻ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ አዘጋጅተን ነበር፤ ተሰልፈው የተገኙት ግን በአብዛኛው ከፍለው መታከም የሚችሉ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን ሆኑ። በጤና አገልግሎት ረገድ ያለውን ልዩነት የሚያጠብ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፦
ማክሰኞ መሆኑ ራሱ መልሱን ይዟል፤ የቀን ሠራተኛ ለምርመራ ብሎ ከሥራ ቢቀር የዕለት ጉርሱን ያጣልና፣ ነጻ ያላችሁት ምርመራ ለእርሱ የቀን ደመወዙን ያህል ያስከፍለዋል። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ብትመለከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ጀምሮ ሕክምናው በነጻ ነው፤ ሆኖም ፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቋጠር የሚከለክል ጉዳት) የሚያገኛት ሴት ምጥ ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያልቻለች ናትና፣ ያው ርቀት ከሕክምናውም ያስቀራታል። ድርጅቱ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች የከፈተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አዋላጅ አድርጎ ወደ ገጠር የሚመልስ ኮሌጅ የጀመረው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ብሆን ምርመራውን ወደ እሑድ አዛውሬ ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ግቢ ድረስ እሄድ ነበር።

የፕሮጀክት ባለሙያ፦
በእህታችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ግፊቱ የተገኘበት ሰው በማግስቱ መድኃኒቱን በምን ይገዛል? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚመዘግበው በቤተሰብ ደረጃ ሲሆን፣ መክፈል የማይችሉ ተብለው የተለዩትን መዋጮ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ባየሁት ልምድ ተከራዩን የሚያስቀረው ከመዋጮው ይልቅ የነዋሪነት መታወቂያ ማጣቱና ስሙን ለወረዳው የሚያነሣለት ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ሰው መድባችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ቤት ለቤት ቢዞርና ወረዳው ድረስ አብሯቸው ቢሄድ፣ ከአሥር የምርመራ ቀን ይበልጣል። የአስተዳደር ወጪን በተመለከተ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ስለዚህ የዚህ ሰው ደመወዝ እንደ አስተዳደር ወጪ እንዳይቆጠር፣ ሥራውን ከመጀመሪያው በፕሮጀክቱ ውስጥ በግልጽ ጻፉት። (ብዙ ማኅበራት ይህን ዘንግተው በኦዲት ጊዜ ሲጨነቁ አይቻለሁ።) አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ተከራዮቹ የእድራችሁ አባላት ናቸው?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አይደሉም። የመመዝገቢያ ክፍያችን ለእነርሱ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ደንባችን ቋሚ አድራሻ ይጠይቃል። በሚቀጥለው ጉባኤ ከማኅበሩ ምሥረታ በፊት ይህ አንቀጽ እንዲታይ በአጀንዳ አስይዛለሁ።