100 ሜጋዋት ነፋስ ከ50 ሜጋዋት ፀሐይ ጋር፦ ተርባይን ከመደልደል በፊት ምን ይቅደም?

ደጋ_ፕላን፦
ሰላም ለሁላችሁ። አርሲ ደጋ ላይ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ፣ 100 ሜጋዋት ነፋስና 50 ሜጋዋት ፀሐይ አንድ ላይ ለማቀድ ቅድመ ጥናት ጀምረናል። በእጃችን ያለው በአቅራቢያው ካለ የሜትሮሎጂ ጣቢያ በ10 ሜትር ከፍታ የተለካ ፍጥነት ብቻ ነው፤ አማካዩ በሰከንድ 4.5 ሜትር። ኃይሉን የሚወስደው የማስተላለፊያ መስመር 120 ሜጋዋት ይችላል ተብለናል። ይህን ልኬት ወደ ተርባይኑ ማማ ከፍታ፣ ወደ 100 ሜትር፣ አስልተን የተርባይን ቦታ መደልደል እንችላለን? በክረምት ነፋሱ ሲደክም ፀሐዩ ይተካዋል ማለትስ ያስኬዳል? 150ውን በ120 መስመር ማውጣትስ?

ምሰሶ80፦
በ10 ሜትር ልኬት ተርባይን አይደለደልም። ሒሳቡን ሥራውና እየው። ፍጥነት ከከፍታ ጋር የሚያድግበትን የርቢ ቁጥር 0.10 ካደረግህ በ100 ሜትር 5.7 ይሰጥሃል፣ 0.20 ካደረግህ 7.1። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግርህ ቢያንስ 12 ወር የቆመ የመለኪያ ምሰሶ ነው።

ምሰሶው የተርባይኑን ማማ ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ይድረስ። አኒሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) በሦስት ከፍታ፣ አቅጣጫ ጠቋሚ በሁለት፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያም አይቅር፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታየዋለህ። እኛ አገር በበጋ ከምሥራቅ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ በአንድ ጎን ብቻ አኒሞሜትር ከሰቀልክ ዓመቱን በከፊል በምሰሶው ጥላ ውስጥ ይውላል፣ ፍጥነቱንም አሳንሶ ይመዘግባል። ሁለት ስቀል፣ በተቃራኒ ጎን። የሚሰቀልበት ክንድ ከዋናው የነፋስ አቅጣጫ ለቱቦ ምሰሶ 45፣ ለፍርግርግ 90 ዲግሪ ይዙር። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ለ30 ተርባይን አንድ ምሰሶ አይበቃም።

ሌላው የአየር ጥግግት ነው። ተርባይኑ በየፍጥነቱ ስንት እንደሚያመነጭ የሚያሳየው የአምራቹ ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ወለል፣ ለ1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። 2,400 ሜትር ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት 0.92 ገደማ ታገኛለህ፤ በ25 በመቶ ያነሰ። በሰከንድ 11 ሜትር ላይ ሙሉ አቅሙን የሚሰጥ ማሽን እዚያ 12 ይጠይቃል። አምራቹን በቀጥታ የ0.92 ሠንጠረዥ ጠይቀው። ብዙ ቅድመ ጥናት የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው።

ማከፋፈያ_33፦
የክረምቱን ነገር ተዉት። ደመናው ፀሐዩንም አብሮ ይቀንሳል፤ በክረምት የሚሞላው ግድብ ነው። ነፋስም ፀሐይም የሚበረቱት በበጋ ነው፣ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት፤ ለአገሪቱ የሚጠቅሙትም ለዚህ ነው። ፀሐይና ነፋስ እርስ በርስ የሚደጋገፉት በቀኑ ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ያም ቢሆን ነፋሱ ማታ የሚበረታ ከሆነ ብቻ።

150ውን በ120 ማውጣት ያስኬዳል፤ ግን በአማካይ አታስሉት። በዓመቱ 8,760 ሰዓት በእያንዳንዱ የነፋሱንና የፀሐዩን ምርት ደምሩና ከ120 በላይ የሆነውን ቁረጡ። የጥር ቀትር ላይ ሁለቱም ከሞሉ 30 ሜጋዋት ይባክናል፤ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሳየው ይህ ስሌት ብቻ ነው። የሚባክነውን ሁለተኛ መስመርና ትራንስፎርመር ከሚጠይቁት ወጪ ጋር አወዳድሩ።

«መስመሩ ይችላል» መባሉም በቂ አይደለም። በማከፋፈያ ጣቢያው ያለውን የሾርት ሰርኪዩት አቅም፣ ማለትም የኔትወርኩን ጥንካሬ መለኪያ፣ ጠይቁ። ለምሳሌ 400 ሜጋቮልት አምፒር ቢሆን፣ ለ120 ስታካፍሉት 3.3 ይወጣና ደህና ይመስላል። የተተከለው ግን 150 ነው፤ 2.7 ይሆናል። ከ3 በታች ደካማ ኔትወርክ ነው፦ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ኢንቨርተሮች (ኃይሉን ለኔትወርኩ እንዲስማማ የሚቀይሩት መሣሪያዎች) በትንሽ መናጋት ከመስመር ይወጣሉ። ቮልቴጁን የሚያረጋጋውን የሪአክቲቭ ፓወር ማካካሻ ዋጋ ከወዲሁ አስገቡ። የውስጥ መስመሩ 33 ኪሎቮልት ከሆነ በአንድ ፊደር (ተርባይኖቹን ወደ ጣቢያው በሚያገናኝ አንድ መስመር) ከ7 እስከ 8 ባለ 3.4 ሜጋዋት ተርባይን ይበቃል። ከ1,000 ሜትር በላይ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል ጉልበቱ ይቀንሳል፤ 2,400 ላይ ኤሌክትሪክ በሚሸከሙ ክፍሎች መካከል ያሉ ክፍተቶች በ19 በመቶ ይስፉ። ጨረታው ላይ ካልተጻፈ የሚመጣላችሁ የ1,000 ሜትር ዕቃ ነው።

ደጋ_ፕላን፦
እግዜር ይስጥልን። አፈሩ መረሬ ነው። ተርባይኑን ትልቅ ወይስ ትንሽ እናድርገው?

ኮንክሪት_ሚክሰር፦
መንገዱ ከቻለ ትልቅ። ከነፋስ ጣቢያዎቻችን አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋቱን በ102 ተርባይን ነው የያዘው፣ አሰላ 100ውን በ29። የመሠረት ቁጥር፣ የመንገድ ርዝመትና የሚወሰደው ማሳ አብሮ ይቀንሳል። ዓይነት ግን አትቀላቅሉ፦ አሸጎዳ ሁለት ዓይነት ማሽን አለው፤ ያ ማለት ሁለት የመለዋወጫ መጋዘን ነው።

ክንፎቹ የሚዞሩበት ክብ ዲያሜትሩ 132 ሜትር የሆነ ማሽን ክንፉ 64 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ቦታው እያንዳንዱን ኩርባና ድልድይ ለኩ። ችግሩ ያለው ከዋናው አስፋልት ከወጣችሁ በኋላ ባለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው።

መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በየተርባይኑ ቦታ አንድ ቦርሆል (የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ) ይቆፈር፣ መሠረቱም እስከ ጽኑው ንብርብር ይውረድ። አንዱ መሠረት 500 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ይበላል፤ 7 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና 70 ምልልስ፣ ያለ ዕረፍት። መሐል ላይ ሚክሰር ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ከቆመ አዲሱ ከአሮጌው አይያያዝም፤ ስለዚህ መጠባበቂያ የኮንክሪት ማምረቻ ፕላንትና ጄኔሬተር ሳይዙ ሙሌት አይጀመርም። ውስጡ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዳይግል ማታ ሙሉት።

የወፍ ቆጠራውን ከምሰሶው ጋር አብራችሁ ጀምሩ። ስምጥ ሸለቆው የስደተኛ ወፎች መንገድ ስለሆነ የመስከረም–ኅዳርን እና የየካቲት–ሚያዝያን ጉዞ ካላያችሁ አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ። የመሬት ካሣው በአዋጅ 1161/2011ና በማሻሻያው ነው የሚሠራው፤ የክሬን ማቆሚያውንና መንገዱን ጨምራችሁ ለኩ፣ ከመሠረቱ የሚበልጥ ማሳ የሚወስዱት እነሱ ናቸው።