ገቢ ሳይጠየቅ የቤተሰብ ድህነት እንዴት ይለካል?

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ትናንት ቤታችን የመጣች መረጃ ሰብሳቢ የእናቴን ገቢ ሳትጠይቅ የወለሉን ዓይነት፣ የምናበስልበትን ማገዶና የልጆቹን ትምህርት መዝግባ ሄደች። ይህን ስልት ያወጡት እነማን ናቸው?

መልስ፣ ከጀሞ፦
ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ሳቢና አልካየርና ጄምስ ፎስተር የነደፉት ዘዴ ነው፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ሁኔታ ሥር 10 አመልካቾች ያሉት ሲሆን፣ ለአመልካቾቹ እንደ ክብደታቸው ከተሰጠው ጠቅላላ ነጥብ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣ ቤተሰብ ድሃ ተብሎ ይመዘገባል። በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል ማብሰል እንደ እጦት ይቆጠራል።

መልስ፣ ከለገጣፎ፦
ማርክ ሽራይነር ድህነትን ለመቀነስ ለሚሠራው ድርጅት ለግራሚን ፋውንዴሽን ያዘጋጁት መጠይቅም አለ። 10 ቀላል ጥያቄዎቹ ከሀገራዊ የቤተሰብ ጥናቶች የተመረጡ ናቸው፤ የመልሶቹ ነጥብ ተደምሮ ቤተሰቡ ከድህነት ወለል በታች የመሆን ዕድሉን ያሳያል። እኔም መረጃ ስሰበስብ ሰዎች ገቢያቸውን ለመናገር ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ የቀን ሠራተኛ የወር ገቢውን በምን ያውቀዋል? ሆኖም አንዲት እናት ወለላቸው ሲሚንቶ፣ ሞሰባቸው ግን ባዶ ነበር፤ ቅጹ ላይ ይህን የምጽፍበት ቦታ አላገኘሁም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእናቴ አነብላታለሁ።