ልጆቹን እንለይ ወይስ ትምህርት ቤቱን እናስተካክል?

የመወያያ ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሲጀምር ተማሪዎቹን በሙሉ በንባብና በጠባይ ይመዝን፤ ወደ ኋላ ሊቀሩ የሚችሉትንም ሳይወድቁ ይደግፍ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይደግፉታል?

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦ ሳላቅማማ እደግፋለሁ። ልጁ እስኪወድቅ ጠብቆ ከወደቀ በኋላ ኮሚቴ መሰብሰብ ታክቶኛል። የንባብ ተመራማሪዋ ኮኒ ጁዌል እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ ንባብ የከበደው ልጅ በአራተኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ አንባቢ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 0.88 ነበር። የተጠኑት ልጆች 54 ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም፤ አቅጣጫውን ግን በክፍሌ ዘወትር አየዋለሁ።

አንድ ወላጅ፦ መምህርት፣ ቅንነትዎን አልጠራጠርም። የሚያስፈራኝ ስም ዝርዝሩ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ያሰጋል» ከተባለ በኋላ ማን ይፍቀዋል? ተመራማሪዎቹ ሮዘንታልና ጃኮብሰን በዕጣ የወጡ ልጆችን «ዘንድሮ ይመነጠቃሉ» ብለው ለመምህራን ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ውጤት በታችኛዎቹ ክፍሎች የነበሩት እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ መሻሻላቸውን አሳየ። ጥናቱ ብዙ ተተችቷል። ቢሆንም የመምህር ግምት ልጅን ወደ ላይ ካነሣ፣ ወደ ታች የማይጎትትበት ምክንያት አይታየኝም።

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፦ እኔ ደግሞ የከፋውን ልጨምር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅና በሰመርቪል ከተሞች፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ከ500 በላይ ወንዶች ልጆች ለጥናት ተመርጠው ግማሾቹ አማካሪ ተመደበላቸው፤ ቤታቸው ተጎበኘ፣ ብዙዎቹ በትምህርት ተረዱ፣ የክረምት ካምፕም ተላኩ። የወንጀል ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ሲያጣሩ የታገዙት በበርካታ መለኪያዎች ካልታገዙት ብሰው ተገኙ። ከታገዙት ብዙዎቹ ግን ፕሮግራሙ እንደጠቀማቸው ይናገሩ ነበር! ስለዚህ «ምን ይጎዳል?» የሚለኝን ሰው አልሰማም።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦ ጋሼ፣ የጠቀሱት ጥናት የሚከራከረው ለእኔ ነው። በኋላ በተደረገው ትንተና ጉዳቱ የጎላው ደጋግመው ካምፕ በተላኩት ላይ ነበር። የሚያስቸግሩ ልጆችን አንድ ላይ ማጎር እርስ በርስ ክፉ ጠባይ እንዲማማሩ ያደርጋል። የመላው ትምህርት ቤት ሥራ ግን ማንንም ሳይነጥል ይጀምራል። በካንሳስ በአንድ አራተኛ ክፍል ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመውን ጨዋታ ይመልከቱ፦ ክፍሉ በቡድን ይከፈላል፤ ደንብ ሲጣስ በቡድኑ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ከተወሰነው ካላለፈ ሁሉም ቡድን ያሸንፋል። ይኸው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በአንደኛ ክፍል ተሰጠ። ልጆቹ 19 እስከ 21 ዓመት ሲሞላቸው፣ በልጅነታቸው ኃይለኞች ከነበሩት ወንዶች መካከል ጨዋታውን የተጫወቱት ከአልተጫወቱት ያነሰ የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ነበረባቸው። ማንም «አስጊ» አልተባለም።

ይህ ያልበቃው ልጅ ጠዋት ከአንድ አዋቂ ጋር ይገናኛል፣ የዕለቱን ግብ በካርድ ይዞ ይገባል፣ ማታ ያስመዝናል። ለብቻው የሚደረገው ጥልቅ ድጋፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በልማድ ከተማሪዎቹ 80 ከመቶው ለሁሉም የሚሰጠው የመጀመሪያው ድጋፍ ይበቃዋል ይባላል። የክፍሉ ግማሽ ተጨማሪ እርዳታ ካስፈለገው ግን ጉድለቱን በማስተማሩ ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ልጆቹን አልመረምርም።

የአምስተኛ ክፍል መምህር፦ ካርዱን ማን ይሞላል? እኔ። በየትኛው ሰዓት? ይህን የሚመልስ አላየሁም።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦ የሰዓቱ ነገር እውነት ነው፤ ከሌላ ሥራ ካልተቀነሰልን ካርዱ በሳምንቱ ይረሳል። ምዘናው ግን ይቅር አልልም። የቅጣት መዝገብ የሚይዘው የሚረብሸውን ብቻ ነው። በጭንቀት አንገቱን የደፋው፣ ስሙ ሲጠራ ብቻ የሚናገረው ልጅ መዝገብ የለውም። በምን ላግኘው?

አንድ ወላጅ፦ እንግዲያውስ ሦስት ነገር ይጻፍልኝ፦ ፈቃዴ፣ ልጄ የሚያገኘው ድጋፍ በስሙ፣ ከዝርዝሩ የሚወጣበት ቀን። እነዚህ ካሉ እፈርማለሁ።

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፦ እኔ ገና አልፈረምኩም። ጨዋታውን ነገ ጀምሩት፤ ዝርዝሩን ግን ድጋፍ ሰጪው ሰው ከተቀጠረ በኋላ አምጡልኝ።