ካሴት ወደ ፍላሽ፦ ኤምፒ3፣ ኤኤሲ ወይስ ኦፐስ? ጆሮ ያላችሁ ምከሩኝ

ሳቢያን_ሰፈር፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? እቤት አንድ ካርቶን ሙሉ የአባቴ ካሴት አለ። ኦሮሚኛው፣ ሐረሪው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው ተደበላልቆ፤ የሰርግ ቅጂም አለበት፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ። የድሬ ሙቀትና አቧራ ሳይጨርሳቸው ብዬ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬያለሁ። የምቀዳው በዌቭ ነው፣ ምንም ሳይጨመቅ፤ አንድ ሰዓቱ ወደ 635 ሜጋባይት ይበላል፣ ሃርድ ዲስኩም ሊሞላ ነው።

አሁን ላሳንሰው ስል ምርጫው በዛብኝ። ወንድሜ "320 ኤምፒ3 አድርጊውና ተገላገይ" ይላል፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ማለቱ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ኦፐስ ካልሆነ አትንኪው ባይ ናት። ከዚህ በፊት አንድ ሱቅ የተወሰኑትን በ128 ኤምፒ3 ሰርቶልኝ ነበር፤ ጭብጨባ ባለበት ሁሉ የሆነ ሽውታ አለው፣ ጆሮ ያሳክካል። ፋይሉ አባቴ መኪና ላይ በፍላሽ ይሰማል፣ ጅዳ ላለችው እህቴም በቴሌግራም ይላካል፣ የቀረው እቤት ይቀመጣል። እውነት በጆሮ የሚለይ ልዩነት አላቸው ወይስ ወሬ ነው? እህታችሁን ምከሩ።

ከዚራ_02፦

አቦ አታካብጂው። ወንድምሽ ልክ ነው። 320 ላይ ከዋናው ቅጂ የሚለይ ሰው ካገኘሽ ጥሪኝ፣ በርጫው በኔ ነው። ደግሞ የመኪናውን ቴፕ አስቢ። ብዙዎቹ የመኪናና የባጃጅ ቴፖች ኤምፒ3 ነው የሚያነቡት፤ ኦፐስ ብትሰጫቸው ፋይሉን እንዳላዩ ያልፉታል። ኤምፒ3 ሽማግሌ ነው፣ የፓተንቱም ጣጣ በ2017 አልቋል፣ የትም ብትሄጂ ይከፈትልሻል። 192 እንኳን ለመኪና ይተርፋል። ሞተሩ እየጮኸ ምኑን ልትለዪ ነው?

ጁገል፦

ከሐረር ነኝ፣ ሰላም እህቴ። 320 ላይ ክርክሩ አልቋል፣ እዚያ ላይ ከከዚራው ጋ እስማማለሁ። ጨዋታው ያለው ወደ ታች ስትወርጂ ነው።

ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው። 128 አደረግሽው ማለት ከአስራ አንድ አንዱን አስቀርተሽ ሌላውን ጣልሽው። ይህ ሁሉ ተጥሎም ዘፈኑ ዘፈን የሚመስለው ጆሯችን ስለሚሸወድ ነው፤ ጎላ ያለ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍነዋል፣ ኢንኮደሩም (የሚጨምቀው ፕሮግራም) የተሸፈነውን እየለቀመ ያወጣል። ኤምፒ3ም ኤኤሲም ኦፐስም ዘዴያቸው ይኸው ነው፣ የሚበላለጡት በአለቃቀሙ ነው።

ያ የሰማሽው ሽውታ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ኤምፒ3 ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ እየከፈለ ነው የሚጨምቀው። ፀጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት "ጧ!" የሚል ጭብጨባ ቁራጩ መሃል ላይ ከመጣ፣ በመጭመቁ የተፈጠረው ግድፈት በቁራጩ ሙሉ ይበተናል፣ ከጭብጨባው በፊት ባለችው ፀጥታ ላይም ጭምር። ስለዚህ ጧ ከማለቱ በፊት "ሽ" ይላል። የፎርማት ሰሪዎቹ ይህን የሚፈትኑት በስፔኖቹ ካስታኔት ነው። እኛ ጋ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ላይ የሚመታውን የእንጨት ማጨብጨቢያ ቢሰሙት ኖሮ ካስታኔቱን ይተውት ነበር፤ 128 ኤምፒ3ን እንደሱ የሚያዋርደው የለም።

ኤኤሲ በ1997 ሲወጣ እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ቁራጩን ከኤምፒ3 አብልጦ ማሳጠር እንዲችል ተደርጎ ነው፣ ለዚህ ነው በዚያው 128 ጭብጨባው ጠራ የሚለው። ኦፐስ በ2012 የመጣ ነው። 96 ላይ ብዙ ሰው ከዋናው ለመለየት ይቸገራል፤ 64 ላይ ደግሞ ኤምፒ3 ሲንኮታኮት እሱ አሁንም ሰው ይመስላል። ቮርቢስ የሚባለው ሌላው ፎርማት? ጥሩ ነበር። ሰሪዎቹ ራሳቸው አሁን ኦፐስን ተጠቀሙ ስለሚሉ ለአዲስ ስራ አልመክርሽም።

ካሴት ግን የራሱ አመል አለው። ያ የካሴት "ሽሽሽ" ለኢንኮደር ከዘፈኑ በላይ ይከብደዋል፣ ምንም ስርዓት የለውማ። ቢቱን እሱ ይበላውና ለክራሩና ለዘፋኙ የሚተርፈው ያንሳል። ቢትሬቱ (ያ የኪሎቢት ቁጥር) በጣም ሲወርድ ሽሽታው ራሱ ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ሰው ለሲዲ ይበቃል የሚልሽን ቁጥር ለካሴት ትንሽ ከፍ አድርጊው። ለመኪናው ኤምፒ3 ከሆነ ደግሞ ሌም (LAME) በሚባለው ኢንኮደር ቪ2 በሚባለው የጥራት ደረጃ ላይ አድርጊው፤ በአማካይ ወደ 190 አካባቢ ነው፣ ከበድ ያለ ቦታ ሲያገኝ ራሱ ይጨምራል፣ ቀላሉ ላይ ይቆጥባል።

ለገሀሬ_ቤዝ፦

ማንም አይለየውም ትላላችሁ፣ እኔ ግን 320 እና ፍላክ (ምንም ሳይጥል የሚጨምቀውን ፎርማት) ስሰማ ይለያሉ ወላሂ። ፍላኩ ሰፋ ይላል፣ ቤዙም ይደምቃል። ጥሩ ሄድፎን ስለሌላችሁ ነው፤ የኔ ብሉቱዝ ውዱ ነው።

ጁገል፦

ወንድሜ፣ ብሉቱዙ እኮ ራሱ ድምፁን እንደገና ጨምቆ ነው የሚልከው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምቀው ኤስቢሲ በሚባለው ወይ በኤኤሲ ነው፣ ፍላኩ ጆሮህ ጋ ፍላክ ሆኖ አይደርስም።

የምርህን ከሆነ ፉባር የሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ኤቢኤክስ የሚባል ፈተና አለ። ስሙን ደብቆ ያሰማሃል፣ አንተ የቱ እንደሆነ ትገምታለህ። 16 ዙር ሄደህ 12 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ጆሮህን አምናለሁ። 8 አካባቢ ከሆነ ሳንቲም ብትወረውርም ያው ነው። የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል ማድረግ እንዳትረሳ፤ ትንሽ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ ብዙው "ቤዙ ደመቀ" እዚያ ጋ ነው የሚያልቀው።

ሳቢያን_ሰፈር፦

ጁገል አላህ ይስጥህ፣ አሁን ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሱቁ በ128 የሰራልኝን አሁን ወደ 320 ብቀይረው ይሻሻላል? ዌቩንስ ከቀየርኩ በኋላ ላጥፋው?

ከዚራ_02፦

ኧረ እንዳታደርጊው! አንዴ የተጣለ አይመለስም፤ ፋይሉ ያብጣል እንጂ ያቺ ሽውታ እዚያው ናት። እንዲያውም እንደገና ሲጨመቅ ሌላም ይጣላል። ካሴቶቹ ካሉሽ ከሥር ቅጂያቸው።

ጁገል፦

ዌቩን ወደ ፍላክ ቀይሪውና ከዚያ አጥፊው። ፍላክ ምንም አይጥልም፣ መጠኑ ግን በግምት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ የካሴቱ ሽሽታ ትንሽ ቢያስቸግረውም። የምታስቀምጪው እሱን ነው። የመኪናውንም የእህትሽንም ሁሌ ከፍላኩ ነው የምትሠሪው፣ ከኤምፒ3 ወደ ኦፐስ እንዳትሄጂ። ለእህትሽ ኦፐስ በ128 በቂ ነው፣ ሰዓቱ ወደ 58 ሜጋባይት ይሆናል። ስትልኪ ደግሞ በፋይል አድርጊው። ስልክሽን ስፒከር አጠገብ ይዘሽ እንደ ድምፅ መልዕክት ከቀዳሽው ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

የመጋላ_ቴፕ_ጠጋኝ፦

ልጆቼ፣ ፎርማቱ ላይ ይህን ያህል ስትከራከሩ የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ ያየው አለ? ብዙ ዘመን ቴፕ ስጠግን ኖሬያለሁ። ድምፁ ታፍኖ ከገባ ፍላክም አያድነው።

ልጄ፣ መጀመሪያ ሄዱንና ላስቲኳን ጎማ በጥጥና በአልኮል ጥረጊያቸው። ቡናማ ሆኖ የሚወጣው የካሴቱ ዱቄት ነው፣ ጥጡ ንጹሕ እስኪሆን ድገሚው። ከዚያ ከሄዱ ጎን ትንሽ ብሎን አለች፣ አንዳንዱ ቴፕ ላይ በክዳኑ ቀዳዳ ትታያለች። ካሴቱ እየዘፈነ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ እያልሽ ግራና ቀኝ አዙሪያት። ጽናጽሉና "ሰ" የሚለው ድምፅ ጥርት የሚልበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ተያት። የሰርግ ቅጂ በሌላ ቴፕ የተቀዳ ስለሆነ ቦታው ከሱቅ ካሴት ይለያል፣ ለየካሴቱ ማስተካከል ሊኖርብሽ ነው። ከሩብ ዙር በላይ አትሂጂ፣ ከማዞርሽም በፊት ብሎኗ የነበረችበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ።

ሳቢያን_ሰፈር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቴፑ ሁለት ካሴት የሚይዘው አይነት ነው፣ ብሎኗ በሁለቱም በኩል አለች?

የመጋላ_ቴፕ_ጠጋኝ፦

አዎ፣ እያንዳንዱ ሄድ የራሱ አለው። አንዱን ብቻ መርጠሽ በሱ ቅጂ፣ ብዙ ያልሠራውን።