«ራሴን ናፈቅሁ» ያስኬዳል?

ጠያቂዋ ከቱሉ ዲምቱ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ልብ ወለድ የሚጽፍ ጎረቤቴ ረቂቁን እዪልኝ ብሎ ሰጠኝ። ተራኪው የድሮ ፍቅረኛውን እያሰበ እንዲህ ይላል፦ «የናፈቅሁት አንቺን አይደለም። ያኔ አንቺን ይወድ የነበረውን ራሴን ነው።» ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን ሰው ራሱን ይናፍቃል? ወይስ «ራሴ ናፈቀኝ» ነው የሚባለው? ቅዳሜ መልስ ይጠብቃል።

መሪጌታው፦ ልጄ፣ ከግእዙ እንነሣ። ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ ነው። መናፍቅ ከዚያ ወጣ። መንፈቅም ግማሽ ነው። ስለዚህ የናፈቀ ሰው ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ያኔ። ጎረቤትሽ ሳያውቀው ተቀኝቷል።

የኮተቤው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና መሪጌታ፣ እናቴ ደውላ «ናፍቀኸኛል» ስትለኝ «መናፍቅ ሆነህብኛል» ማለቷ ነው? 😂

መሪጌታው፦ አትቀልድ። አማርኛ ሲወርሰው ዞሯል አልኩ እንጂ። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ገላጭ ጠፋ።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ መንፈቅና መናፍቅ ዘመድ ናቸው፣ እሺ። ናፍቆትን እዚያ መጨመር ግን የእርስዎ ግምት ነው።

ሰበታ፦ «ትዝታ»ም እኮ ከ«ተዘከረ» ነው። ስቅለት ላይ «ተዘከረነ እግዚኦ» እንል የለ?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ «ከ» እና «ረ» የት ገቡ? ጅብ በላቸው?

ዝምተኛዋ፦ ሥሩን ተዉትና አማርኛውን እዩት። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንላለን። ሳንጠራው ይመጣብናል። «ናፈቀኝ»ም እንደዚያ ነው፤ «ትዝ አለኝ»ም እንደዚያው። «ናፈቅሁት» እና «አስታወስኩት» ስንል ግን ሥራው የእኛ ነው። ተራኪው ያንን የድሮ ሰውዬ ፈልጎ ከሄደ «ናፈቅሁት» ይሁን። መንገድ ላይ ድንገት ከመጣበት «ናፈቀኝ»። ደራሲው ይወስን፣ ሰዋስው አያግደውም።

የኮተቤው፦ «ራሴ ናፈቀኝ» ካለማ ራስ ምታት ይመስላል። ፓናዶል ስጡት።

መሪጌታው፦ ዝምተኛዋ ጥሩ ብላለች። ግን «ራስ» ለማንነት ይበቃል? በግእዝ «ለሊየ» አለ፣ እኔው ራሴ ማለት ነው፤ «ነፍስየ» አለ፣ ነፍሴ ማለት ነው። ፍቅር የሚያውቀው ነፍስን ነው።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ልብ ወለድ ላይ «ለሊየ» ይጻፍ? ማን ያነበዋል?

መሪጌታው፦ እኔ ቅኔ ቤት ስገባ አንተ አልተወለድክም።

ጠያቂዋ ከቱሉ ዲምቱ፦ እሺ፣ «ራሴን»ን ልተወው ወይስ ላስቀይረው?

ሰበታ፦ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ «ናፈቅሁ» ነው «ናፈቅኩ»?

የኮተቤው፦ በቃ፣ እስከ ነገ አለን።